ጋሽ ቱሉ ለሁለተኛ ጊዜ የሞቱ ዕለት

ይህ ነገር የሆነበትን ጊዜ በትክክል አላስታውሰውም። ባለቤቴ ከመስቀል በፊት ነው ትላለች፤ እኔ ከመስቀል በኋላ ነው እላለሁ። እኔና እሷ ቀን ላይ ተስማምተን አናውቅም። የሠርጋችንን ዕለት እንኳ እኔ ሐሙስ ነበር ስል እሷ እሁድ ነበር ትላለች፤ «ሐሙስ ለት ማን ያገባል?» ስትለኝ መልስ ስለማጣ እስከ ዛሬ በእሁድ አግብቼ እኖራለሁ። ብቻ ክረምቱ ወጥቶ ነበር። የጉደር መንገድ ጭቃ አቧራ ሆኗል፤ የእኔ ጉልበት ግን ገና ክረምት ላይ ነበር። ከዚህ በላይ ቀን አትጠይቁኝ።

እኔ በአምቦ ከተማ የአንድ ሰፈር እድር ጡሩምባ ነፊ ነኝ። ቀድሞ ጋሪ እነዳ ነበር፤ ባጃጅ ሲመጣ ፈረሴንና እኔን በአንድ ቀን ጡረታ አወጣን። ጡሩምባው ግን ቀረልኝ። የእድሩ አባል ሲሞት ጎህ ሲቀድ እነሣለሁ፤ በየማዕዘኑ ቆሜ ሦስት ጊዜ እነፋለሁ፤ ከዚያ የሟችን ስምና የቀብሩን ሰዓት እለፍፋለሁ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ስኖር ድምፄን በደስታ የሰማ ሰው አላጋጠመኝም። ጠዋት ጠዋት ጉንፋን ይዞኝ ሳስል ጎረቤት ሁሉ «ደግሞ ማን ይሆን?» እያለ ያማትባል። አንድ ጊዜ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹን ልመርቅ ብድግ ብዬ ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጠበቁኝ።

ቢሆንም ሥራዬን እወደዋለሁ። ሰው ሁሉ በዚህ ዓለም ላይ አንድ ጊዜ ስሙ ጮክ ተብሎ ሊጠራ ይገባዋል። ያንን የምጠራው እኔ ነኝ።

ታዲያ በዚያ ሰሞን በወሩ ስብሰባ ላይ የእድራችን ሊቀመንበር ኦቦ ገመቹ ፋይላቸውን ገለጡ። ኦቦ ገመቹ ከመንግሥት ሥራ ጡረታ ሲወጡ ወንበሩን ትተው ፋይሉን ይዘው የወጡ ሰው ናቸው። ቤታቸው ሄዳችሁ ውሃ ስጡኝ ብትሏቸው መጀመሪያ ገጽ ይገልጣሉ።

«አጀንዳ ሦስት፤ ጡሩምባ» አሉ።

«ጡሩምባው ምን ሆነ?» አልኩ።

«ጡሩምባው ምንም አልሆነም። የነፊው ጉልበት ነው። የላይ ሰፈር አባላት አቤቱታ አቅርበዋል። አንተ ዳገቱን ወጥተህ እስክትደርስ ሟቹ ተቀብሮ ሰዉ ንፍሮ እየበላ ነው ይላሉ።»

ይህ ፈጽሞ ሐሰት ነው። ንፍሮው ገና አልቀረበም ነበር።

«ስለዚህ» አሉ ኦቦ ገመቹ፣ «ኮሚቴው መተግበሪያ እንዲሠራ ሐሳብ አቅርቧል። አንድ ጊዜ ሲነካ ለሁሉም አባል በስልኩ መልእክት ይደርሰዋል። ሠሪው ከአዲስ አበባ ይመጣል።»

«እኔስ?»

«አንተማ ከእንግዲህ ታርፋለህ።»

በእድር ስብሰባ ላይ «ያርፋል» የሚባለው ምን የሆነ ሰው እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያወጅሁት እኔ ነኝ። ደሜ ፈላ። ሰው ደሙ ሲፈላ ከሚያውቀው ነገር ቢናገር ደግ ነበር፤ እኔ ግን ብድግ ብዬ «እኔ እሠራዋለሁ» አልኩ።

«ምኑን?»

«አፑን።»

ከዚያ ከኋላ በኩል አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁ እንደ ጎርፍ እየሰፋ መጥቶ ኦቦ ገመቹ ጋ ሲደርስ እሳቸው አልሳቁም፤ ጻፉት። ቃለ ጉባኤው እንዲህ ይላል፦ ነፊው እስከሚቀጥለው ወር ስብሰባ መተግበሪያውን ሠርቶ ካቀረበ ጠሪነቱ የእሱ ሆኖ ይቀጥላል፤ ካላቀረበ ጡሩምባውን ለኮሚቴው አስረክቦ ይሰናበታል፤ ጡሩምባውም ከድንኳኑና ከድስቶቹ ጋር ዕቃ ቤት ይሰቀላል። ፈረምኩ። ስሜን አሳምሬ መጻፍ እችላለሁ፤ እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬአለሁ።

ቤት ገብቼ ስነግራት ባለቤቴ የምትለቅመውን ምስር አስቀመጠች።

«አንተ?» አለች።

«እኔ።»

«ስልክ ስትነካ በአውራ ጣትህ እንደ ትኋን የምትደፈጥጠው አንተ?»

«እማራለሁ።»

«ከማን?»

ለዚህስ መልስ ነበረኝ። የጓሮ ክፍላችንን የተከራየው መምህር ኑሩ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ያስተምራል። የደሴ ሰው ነው፤ ፀጉሩ ከፊት መሸሽ የጀመረ፣ ትዕግሥቱ ግን ያልሸሸ። ነገሩን ስነግረው አልሳቀም። አንድ ነገር ብቻ አስማለኝ።

«ጋሼ፣ ያልገባዎትን ገባኝ አይበሉኝ» አለ።

«እሺ» አልኩ። ይህችን «እሺ» ልብ በሉልኝ፤ ኋላ የምታጠፋኝ እሷ ናት።

የመጀመሪያው ትምህርት ሰላምታ ነው። መምህር ኑሩ እንደነገረኝ የዚህ ሙያ ወግ ነው፤ ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ ማሽኑን ለዓለም ሰላም እንዲል ያስተምረዋል።

«ለዓለም በሙሉ?» አልኩት።

«ለዓለም በሙሉ።»

«በስንት ቃል?»

«በሁለት።»

«እንግዲህ» አልኩት፣ «እዚህ አምቦ ላይ ለአንድ ሰው እንኳ አካም ቡልታኒ ብለህ፣ ነጋ ዳ እስኪልህ ጠብቀህ፣ የከብቱን፣ የልጆቹን፣ የዝናቡን፣ የታመመችውን አክስቱን ሳትጠይቅ ብታልፍ ተጣልተሃል ማለት ነው። ለዓለም በሙሉ እንዴት ሁለት ቃል ይበቃል?»

መምህር ኑሩ ትንሽ አሰበና «እርስዎ እንደፈለጉ ይጻፉት» አለኝ። ጻፍኩት። ኮዱ በፈረንጅ ፊደል ስለሆነ ፊደሉን እንደ ጥልፍ እያየሁ ነው የምቀዳው፤ ሰላምታው ግን በአማርኛ ነው። አንድ ሙሉ ጠዋት ፈጀብኝ። መጀመሪያ አልሠራ አለ። ከፍቼ ያልዘጋሁት ቅንፍ አለ ተባለ። የግቢዬን በር ከፍቼ ትቼ አላውቅም፤ በጣም አፈርኩ። ዘጋሁት። ቀጥሎ መምህሩ ማሽኑ አንድን ነገር እየደጋገመ እንዲሠራ የሚታዘዝበትን ሉፕ የሚባለውን ነገር አሳየኝ። እኔ ደጋግም አልኩት፤ መቼ እንደሚያቆም ግን አልነገርኩትም። «እንዴት አደራችሁ፣ ደኅና ናችሁ ወይ፣ ከብቱስ፣ ልጆቹስ» ከላይ እስከ ታች እየወረደ ላፕቶፑን ሞላው። እኔም ሰላምታ ነውና «እግዚአብሔር ይመስገን» እያልኩ ተከተልኩት። እስከ አሥራ ሁለተኛው ድረስ አላሳፈርኩትም።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ መልስ አይጠብቅም» አለኝ መምህር ኑሩ።

«ታዲያ ለምን ጠየቀ?»

መምህሩ ማቆሚያውን ራሱ ጻፈለት።

ሉፕ ግን ወዲያው ገባኝ። ከመጀመሪያው አባል ጀምረህ እስከ መጨረሻው አባል በየደጁ ሂድ፣ እያንዳንዱ ደጅ ላይ ያንኑ ቃል ተናገር፣ ሲያልቅ ወደ ቤትህ ተመለስ ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት ሉፕ ሆኜ ስኖር የነገረኝ ሰው የለም እንጂ።

ቫሪያብል የሚባለውም ገባኝ። ሣጥን ነው። ሣጥኑ ላይ ስም ትጽፋለህ፣ ውስጡ ዕቃ ታስቀምጣለህ። ባለቤቴ በርበሬውን በጨው ቆርቆሮ፣ ጨውን በሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ስለምታስቀምጥ እሷ ለዚህ ሙያ እንደማትሆን ለመምህሩ ነገርኩት። በመስኮት ሰምታለች።

የከበደኝ ኢፍ የሚባለው ነው። «እንዲህ ከሆነ ይህን አድርግ፣ ካልሆነ ግን ተው» ማለት ነው አለኝ መምህሩ። ቃሉ አልከበደኝም፤ ጥቅሙ ነው ያልታየኝ። በእኔ ሥራ «ከሆነ» የለም። ሰው ሞቷል፤ ትነፋለህ። «ከሞተ ንፋ፣ ካልሞተ ተው» ብሎ ለጡሩምባ ነፊ የሚነግር ማነው? ሁለት ቀን ሙሉ አስረዳኝ። በሦስተኛው ቀን ደክሞት ዓይኑን ሲያሽ አየሁና አሳዘነኝ። «ገባኝ» አልኩት።

አልገባኝም ነበር።

ቀጥሎ የአባላቱን ስምና ስልክ ማስገባት መጣ። መቶ አርባ ምናምን ሰው ነው። ከደብተሬ እያየሁ አንድ በአንድ ስለቅም ሳምንት ፈጀሁ። መምህር ኑሩ ሲያርመኝ ተራ ቁጥር ሃምሳ ሦስት ላይ ቆመ።

«‹የጋሽ ቱሉ ቤት› ይላል። እዚህ ቤት ሰው የለም እንዴ?»

«አሉ። የጋሽ ቱሉ ባለቤት።»

«ስማቸውስ?»

ደብተሬን አገላበጥኩ፤ የለም። ጎረቤቴ ከሆኑ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል። እኔ «እትዬ» ነው የምላቸው፤ ሰፈሩ «የቱሉ ሚስት» ይላቸዋል፤ እድሩ «የጋሽ ቱሉ ቤት» ብሎ መዝግቧቸዋል። ሌላ ስም ይኑራቸው አይኑራቸው አስቤው አላውቅም።

«ቤቱን ሰው ሁሉ ያውቀዋል» አልኩት።

«ማሽኑ አያውቀውም።»

«ይለምዳል» አልኩና አለፍን።

ስለ ጋሽ ቱሉ ትንሽ ልንገራችሁ። ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ከሐሮ ወንጪ፣ ከሐይቁ ዳር መጥተው አምቦ የኖሩ። እጃቸው ወርቅ ነበር፤ ቀጠሮአቸው ግን ለማንም አይሁን። ለፋሲካ ያዘዛችሁት ሱሪ ለቡሄ ይደርስላችኋል። የእኔን የሠርግ ኮት የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው፤ የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና በሱ አስነሣሁ። ከሞቱ ሰባት ዓመት አልፏቸዋል። የሞቱት መንገድ የተዘጋበት፣ ሰው ከደጁ የማይወጣበት ሳምንት ላይ ነው። ድንኳን አልተጣለም፤ ጡሩምባ አልተነፋም፤ ከሐሮ ወንጪ ወንድማቸው መምጣት አልቻለም። አሥራ አንድ ሆነን ቶሎ ቀብረን ቶሎ ተበተንን። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን አንሥተን አናውቅም።

ወደ አፑ ልመለስ። ለስብሰባው ጥቂት ቀን ሲቀር ነገሩ ስልኬ ላይ ገባ። የሟች ስም የሚጻፍበት ቦታ አለው፤ የቀብር ሰዓት የሚጻፍበት አለው፤ ከሥሩ «ላክ» የሚል ቁልፍ አለው። ከቁልፉ በላይ ሁለት ምርጫ አለ፤ አንዱ «ሙከራ» ይላል፣ አንዱ «ሁሉም» ይላል። «ሙከራ» የሚለው ለእኔና ለመምህር ኑሩ ብቻ ነው የሚልከው።

«እስክመለስ ቢነኩትም በሙከራው ብቻ ነው» አለኝና መምህሩ ለሁለት ቀን ስብሰባ ወጣ። በዚያ ላይ ኔትወርክ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ስልኩ እንደ ጭቃ ጡብ ዝም ብሏል። ምን ጉዳት አለው ብዬ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩና ልሞክረው ከፈትኩት።

የሟች ስም ሲለኝ ችግር ገጠመኝ። በሕይወት ያለ ሰው ስም እዚያ ቦታ ላይ ልጽፍ? እጄ አልታዘዝ አለኝ። የኦቦ ገመቹን ስም ለመጻፍ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ሁለት ፊደል ሄጄ ነው የተመለስኩት። ኋላ ላይ ብልሃት መጣልኝ፤ የሞተ ሰው ስም ብጽፍ ማን ይጎዳል? ጋሽ ቱሉ ቀልድ የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ አይቀየሙም። ስማቸውን ጻፍኩ። ቀብር ዘጠኝ ሰዓት አልኩ።

ቀጥሎ «ሙከራ» እና «ሁሉም»። እዚህ ላይ ነው ሙያዬ ጉድ የሠራኝ። ሠላሳ ዓመት ጡሩምባ ስነፋ ለሁለት ሰው ብቻ ነፍቼ አላውቅም። ጡሩምባ ሲነፋ ሀብታሙም፣ ድሃውም፣ የተጣላኝም እኩል ነው የሚሰማው። ሁለት ሰው መርጦ በጆሮ መናገር ሐሜት እንጂ ጥሪ አይደለም። ጣቴ ራሷ «ሁሉም» ላይ አረፈች። «ላክ» አልኩ። ምንም አልሆነም። ጡሩምባ ደግሞ በየማዕዘኑ ሦስት ጊዜ ነው የሚነፋው፤ ስለዚህ ሁለተኛም ሦስተኛም ላክሁ። ምንም። ስልኩን ኪሴ ከትቼ «አልሠራም፤ መምህሩ ሲመጣ እጠይቀዋለሁ» ብዬ ተነሣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ስልኩን ቤት ትቼ ለጉልበቴ ፍል ውሃ ሄድኩ። ውሃው ውስጥ እስከ አንገቴ ገብቼ፣ ጉልበቴ እንደ ቅቤ ሲላላ እየተሰማኝ፣ ያ አፕ ለስብሰባው ባይደርስ ምን ብዬ ጡሩምባውን እንደማስረክብ ሳስብ ቆየሁ። ታጥቤ ስወጣ መንገዱ ላይ ሰው ይተማል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ወንዶቹ የእድሩን ድንኳን ቋሚ ተሸክመዋል።

በጣም ተቀየምኩ። በሰፈራችን ሰው ይሞታል፤ ለእኔ የሚነግረኝ ይጠፋል? ገና ስብሰባው ሳይደርስ አሰናበቱኝ ማለት ነው? ቢሆንም ለቅሶ ነውና አንዱን አግዳሚ በአንድ ጫፉ አነሣሁላቸው።

«ማን ነው?» አልኩ ከፊት የሚሄደውን።

«ጋሽ ቱሉ።»

«የቱ ጋሽ ቱሉ?»

«ልብስ ሰፊው።»

«ከሞቱ ሰባት ዓመት አለፋቸው እኮ።»

«እኛም ብለናል» አለ።

«ታዲያ?»

«ታዲያ እድር ጠርቶ መቅረት አለ? ድንኳኑን ጥለን፣ ቁጭ ብለን እናጣራለን።»

«ምናልባት ያኔ በደንብ አልሞቱ ይሆናል» አለ ከጎኑ ያለው። «በዚያን ጊዜ ማን አየ?»

ሦስተኛው ቋሚውን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛወረ። «እኔ ሦስት ጊዜ ሲደርሰኝ ሦስት ሰው ያለቀ መስሎኝ ከመሥሪያ ቤት የሦስት ቀን ፈቃድ ነው የጠየቅሁት።»

ሦስት ጊዜ የሚለው ቃል ጆሮዬ ሲገባ አግዳሚው ከእጄ ወደቀ። ኔትወርኩ ጠዋት ተመልሷል። እኔ ሞቅ ባለ ውሃ ስዝናና ያ ስልክ ባዶ ቤት ተቀምጦ ከትናንት ጀምሮ ያጠራቀመውን ድምፅ በሰፈሩ ላይ ነፍቶታል።

ልሸሽ አሰብኩ። ጉልበቴ ግን ፍል ውሃ ገብቶ የሚያውቅ ጉልበት ነው፤ መቀመጥ እንጂ መሸሽ አልፈለገም። ሰዉ እየገፋ ወሰደኝ።

የጋሽ ቱሉ ባለቤት ደጃቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ጥቁር ለብሰዋል፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል። ፊታቸው እንደተቆለፈ በር ነው። ሰው ሁሉ እየመጣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ይላቸዋል፤ እሳቸውም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላሉ። ማንም ማን እንደሞተ አይጠይቅም። ድንኳኑ ተጣለ። ንፍሮ መቀቀል ተጀመረ። እኔ ከመጨረሻው አግዳሚ ጥግ፣ ከቋሚው ኋላ ተደበቅሁ። ትንሽ ቆይቶ መምህር ኑሩ ከመንገድ እንደገባ ሻንጣውን ይዞ መጣና ከጎኔ ተቀመጠ።

«ጋሼ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ለእኔም ሦስት ጊዜ ደርሶኛል።»

«ዝም በል» አልኩት። «ለቅሶ ላይ ነን።»

ኦቦ ገመቹ ፋይላቸውን ይዘው ደረሱ። ድንኳኑን አዩ፣ ሰዉን አዩ፣ ቋሚውን ዞረው እኔን አገኙኝ።

«ሕያው ሰው ስታሳርፍ ባገኝህ ይሻለኝ ነበር» አሉኝ። «ይህን በየትኛው አጀንዳ ልጻፈው?»

ድንኳኑ መሐል ሄደው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «የተከበራችሁ አባላት፣ ዛሬ የደረሳችሁ መልእክት ስህተት ነው። ስህተቱን የፈጸመው...» እያሉ ሳለ ከበሩ በኩል ታላቅ ለቅሶ መጣ።

የጋሽ ቱሉ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሐሮ ወንጪ ላይ ጎብኚ በጀልባ ያሻግራሉ፤ አንድ የእድራችን አባል ደውሎ ቢነግራቸው ከጀልባው ወርደው፣ ፈረስ ላይ ወጥተው፣ ከፈረሱ ሚኒባስ ላይ ወጥተው ነው የመጡት፤ መቅዘፊያውን ግን ከእጃቸው ማስቀመጥ ረስተዋል። ከወንጪ እስከ አምቦ መቅዘፊያው በሚኒባሱ መስኮት ወጥቶ ነበር አሉ። በበሩ ሲገቡ መቅዘፊያው ድንኳኑን ሊያፈርሰው ምንም አልቀረው። «ያ ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜን» እያሉ መሬት ላይ ወደቁ። ሰዉም ተነሣ፤ ተላቀሰ። የኦቦ ገመቹ ንግግር እንደተጀመረ ቀረ።

ለቅሶው በረድ ሲል ሰውየው ፊታቸውን በጋቢአቸው ጠረጉና ዙሪያውን አዩ። «መሞቱንማ አውቃለሁ» አሉ። «አልረሳሁም። ግን ያኔ መንገድ ተዘግቶ አልመጣሁም፤ አላለቀስኩለትም። እድሩ ዛሬ ጠራ ሲሉኝ፣ የእኔ ተራ መስሎኝ መጣሁ።»

ንፍሮ ሲቆረጥም የነበረ ሁሉ አቆመ። ኦቦ ገመቹ ግን አጀንዳ ከጀመሩ የማይተዉ ሰው ናቸውና «ቢሆንም ጥፋተኛው ጡሩምባውን ዛሬውኑ እንዲያስረክብ...» አሉ።

«ቁጭ በል፣ ገመቹ» አሉ የጋሽ ቱሉ ባለቤት።

ኦቦ ገመቹን «ኦቦ» ሳይል በባዶ ስማቸው ሲጠራቸው የሰማሁት ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ኦቦ ገመቹ ቁጭ አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ከቋሚው ኋላ ያለኸው፣ ና ወዲህ።»

ሰባ ዓመት አልፎኝ ልጅ ስባል ደስ ሊለኝ ሲገባ ቋሚውን በግድ ለቅቄ ሄድኩ።

«ይህን ስትልክ አልቅሰሃል?» አሉኝ፣ ስልኩን ከፍ አድርገው።

«አይ እትዬ፣ ሙከራ ነበር።»

«ጡሩምባ ስትነፋ መጀመሪያ ምን ታደርግ ነበር?»

«መጀመሪያ... ለቅሶ ቤት እገባለሁ። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይነግረኛል። አብሬ አለቅሳለሁ። ከዚያ ነው ይዤ የምወጣው።»

«ካላለቀስክስ?»

«አልወጣም።»

«ታዲያ ይህን ለምታስተምረው ዕቃ ለምን አልነገርከውም?»

ይኸውላችሁ፣ ኢፍ የገባኝ እዚያ ነው። ካለቀስህ ንፋ፤ ካላለቀስህ ተው። ሠላሳ ዓመት በኢፍ ስሠራ ኖሬ ማሽን ላይ ስቀመጥ እሱን እቤት ትቼው ነበር። ዞር ብዬ መምህር ኑሩን አየሁት፤ ንፍሮውን በእጁ እንደያዘ ራሱን ነቀነቀልኝ።

የጋሽ ቱሉ ባለቤት ወደ ሰዉ ዞሩ። «ጠዋት ስልኬ ሦስት ጊዜ ጮኸ» አሉ። «ባሌ ሞተ ይላል። መጀመሪያ ልሳደብ ነበር። ከዚያ ማን እንደሚመጣ ልየው ብዬ ለብሼ ተቀመጥኩ። መጣችሁ። ያኔ አሥራ አንድ ነበራችሁ፤ ዛሬ ድንኳኑ አልበቃችሁም። ቱሉ በሕይወቱ አንድ ልብስ በቀኑ አድርሶ አያውቅም። ለቅሶውም በሰባት ዓመቱ ቢደርስ ለእሱ ይኼ ደንቡ ነው።»

መጀመሪያ የሳቁት መቅዘፊያ የያዙት ወንድማቸው ናቸው። ከዚያ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ እንደገና ተለቀሰ፤ ግን ይህኛው ለቅሶ ሳቁ ውስጡ ነበረበት። የእኔን የሠርግ ኮት ታሪክም አንሥተው ሳቁብኝ። ኦቦ ገመቹ ቆይተው ቆይተው ፋይላቸውን ገለጡና «የሰባት ዓመት መታሰቢያ፤ በአባላት ሙሉ ተሳትፎ ተካሂዷል» ብለው ጻፉ።

በወሩ ስብሰባ አፑን አቀረብኩ። አሁን «ላክ» ሲባል ዝም ብሎ አይልክም። መጀመሪያ አንድ ጥያቄ በአማርኛ ይጠይቃል፤ «አልቅሰሃል?» ይላል። ከሥሩ «አዎ» እና «አይ» አለ። ይህችን ቁራጭ ማንም ሳያግዘኝ፣ ቅንፏን ከፍቼ ዘግቼ፣ ራሴ ነኝ የጻፍኳት። ኦቦ ገመቹ ተቀብለው ሞከሩት፤ «አይ» አሉት፤ ምንም አልላከም። ደግመው «አይ» አሉት። ምንም። ሦስተኛ ጊዜ ሊሉት ሲሉ «ገመቹ፣ በቃህ» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣና ስልኩን መለሱልኝ። ጠሪነቱ ጸደቀልኝ። ጡሩምባውም ዕቃ ቤት አልገባም፤ ቤቴ ግድግዳ ላይ ነው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ አወርደዋለሁ።

አንድ ሥራ ቀርቶኝ ነበር። በማግስቱ ስልኬን ይዤ ወደ ጋሽ ቱሉ ቤት ሄድኩ። ባቄላ እየፈለፈሉ አገኘኋቸው።

«እትዬ፣ ስምዎን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

ቀና ብለው አዩኝ። «አርባ ዓመት ቆይተህ ዛሬ ምን አስታወሰህ?»

«ማሽኑ ጠየቀኝ።»

«እንግዲያው ማሽኑ ካንተ ይሻላል» አሉና ነገሩኝ፤ እስከ አባታቸው።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ሁሉን ሰምታ ኖሮ «የእኔንስ ስም ታውቀዋለህ?» አለችኝ። «አውቃለሁ» አልኩ። «ጻፈው እስቲ» ብላ ቆማ ጠበቀችኝ። ጻፍኩላት፤ አረመችኝ።

የተራ ቁጥር ሃምሳ ሦስትን ሣጥን ከፈትኩ። «የጋሽ ቱሉ ቤት» የሚለውን ፊደል በፊደል አጠፋሁት። በቦታው ከዚያ ድንኳን ያወጡኝን፣ ኢፍን ያስተማሩኝን ሴት ስም በአውራ ጣቴ ሳልደፈጥጥ ቀስ ብዬ ጻፍኩ፦

ወይዘሮ ሙሉነሽ ዲንቃ።